ግድግዳው በረደው እንዴ?

ግቢ፣ ግቢ ሮሒ! ጎንበስ በይ፣ ጉበኑ እንዳይመታሽ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ምንጣፍ የለኝም። ደግሞ ምን ተሸክመሽ መጣሽ? ሙዝ? ብቻዬን ይህን ሁሉ ሙዝ ምን አደርገዋለሁ? እሺ፣ ተባረኪ። ከሸጎሌ እስከ ሽሮ ሜዳ ታክሲ አገኘሽ? በዚህ ዝናብ? የሰኔ ዝናብ እኮ እሱ ራሱ ከእንጦጦ ሳይወርድ ጭቃው ቀድሞ እኛ ጋ ይደርሳል። እናትሽ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ሆድሽ ገፋ አይደል? ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ምን አሉሽ ሐኪሞቹ… ወንድ? እልል! ባልሽስ ደህና ነው? እሰይ። ደህና ከሆነ ስለ እሱ ይበቃናል።

እዚህ ተቀመጪ፣ ከጥጡ ማዳበሪያ አጠገብ፣ ይሞቃል። ስልክሽን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥሽው? ፊቱን ደፍተሽ? ጨዋ ልጅ። የዘንድሮ ሰው እንግድነት ሄዶ ዓይኑን ከስልክ አይነቅልም፤ አንቺ ግን ዓይኑን ደፍተሽ ጆሮውን ብቻ ተውሽለት። እንቺ ቆሎ። ሽምብራ ስላለበት ጠንከር ይላል፣ ግን ያንቺ ጥርስ ምን ይሆናል? ቆርጥሚ እንጂ… እንዲህ ነው። ኧረ ደስ ሲል! ቤት ውስጥ ሰው ሲቆረጥም ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

ከሰው ጋር መጫወት ናፍቆኛል። ስለ ባልሽ እንዳላወራ፣ ስለ ባል ለሚስቱ ማውራት ነውር ነው። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ላጫውትሽ። አታውቂውም። እዚያው ሸጎሌ ነው የሚኖረው፤ እናንተ ሕንፃ ላይ መሰለኝ፣ እንዲያውም እናንተው ፎቅ ላይ… ግን አታውቂውም። ከተማ አይደል? ጎረቤት የሚተዋወቅበት ዘመን አለፈ። ስሙን አልጠራልሽም። ስም ከተጠራ ሐሜት ነው፤ ካልተጠራ ጨዋታ ነው።

ይህ ሰው ያደገው እዚሁ ነው፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ። እናቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ገበያ ስትውል እሱ እኛ ቤት ይውል ነበር። ክርስትና ያነሣው ባሌ ተስፋሁን ነው። ተስፋሁን ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ሸማውን ሲሠራ፣ ይህ ሰው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን በዓይኑ ይከተላል… ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ፣ ወዲያ… እንዲያው እንዳለ እንቅልፍ ይወስደዋል። የሸማውን ምት ካልሰማ አይተኛም ነበር እኮ። አንድ ቀን ተስፋሁን ለቅሶ ሄዶ ቤቱ ጭጭ ቢል፣ እስኪመለስ ድረስ ሲያለቅስ ዋለ። ዛሬ ደግሞ ጸጥታ ወዳድ ሆነልን! ሰው ሲያድግ እንዴት ያምርበታል? «ባጎረስኩ ተነከስኩ» ልትል ነው ብለሽ እንዳትሠጊ። አልልም። የዚህ ሰው ጥርስ ንጹሕ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በሐምሌ፣ ማይክ ይዞ መጣ። «እትዬ ፀጋ፣ ያቺን የድውር ዜማ ልቅዳት» አለኝ። እናቴ ከጨንቻ ይዛት የመጣችውን፣ ማግ ስደውር የማንጎራጉራትን። እኔ አወርዳለሁ፣ ተስፋሁን ከጉድጓዱ ውስጥ «ሆ…» ብሎ ይቀበለኛል። በቃ፣ እሷው ናት። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። እኔ ስል፣ እሱ ሲቀበል፣ መወርወሪያው ሲሄድ። እኔ ካልዘፈንኩ ምቱ ይላላል፤ ምቱ ከላላ ጨርቁ ይሳሳል። ተስፋሁን ጨርቁን ዓይቶ ሳይሆን ሰምቶ ነበር የሚያውቀው።

ያን ቀን ሁሉም ነገር ቅጂው ውስጥ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። የጎረቤታችን የቤዛብሕ አውራ ዶሮ፣ ያ እብድ፣ በሦስት ሰዓት ገና ጎህ የቀደደ መስሎት ይጮኻል። ቤዛብሕ ራሱ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ በስልክ ስለ ሲሚንቶ ይጨቃጨቃል። ተስፋሁን ሁለቴ ሳለ። ኋላ ላይ እኔ ቸኩዬ ማጉ ቢበጠስብኝ፣ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ «ቀስ፣ ፀጋዬ» አለኝ። ቀስ፣ ፀጋዬ… ያም ገባ።

ይህ ሰው ጆሮው ላይ የደፋውን ነገር አወለቀና «ቆንጆ ነው እትዬ፣ ግን ቆሻሻ አለው» አለ። እኔ ምን ላድርግ? ተነሥቼ መጥረጊያ አመጣሁ። ሳቀብኝ። «የድምፅ ቆሻሻ ማለቴ ነው» አለኝ። ለካ ዝናቡ ቆሻሻ ነው፤ ዶሮው ቆሻሻ ነው፤ ቤዛብሕ… እ… ቤዛብሕስ ይሁን።

እኔ እንግዲህ አልተማርኩም። ቤት ሲዘፈንበት ግድግዳው ተቀብሎ የሚመልስ ይመስለኝ ነበር። ይህ የጭቃ ግድግዳ ትንሽ ይይዝና ትንሽ ይሰጥሻል፤ ቆርቆሮው ሲጮህ ደግሞ እነዚህ የጥጥ ማዳበሪያዎች «ተው፣ ረጋ በል» ይሉታል። እስኪ አጨብጭቢ… አጨብጭቢ ግድ የለም፣ ጠንከር አድርገሽ። ሰማሽው? አይጮህም፣ አይታፈንም። ማንም ይህን ቤት አላከመው፣ እንዲሁ ዳነ።

«ማከም» ማለቴ እንዳያስቅሽ፣ የዚያ ሰው ቃል ነው። «ክፍል መታከም አለበት» ይላል፤ ከኢንተርኔት ያገኘው ነው። የታመመ ክፍል ዓይቼ አላውቅም፣ ግን የተማረ ሰው ካለ ይኖራል። እና መኝታ ቤቱን ያክመው ጀመር። ለበሽታው የእንቁላል ካርቶን ታዘዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ባዶውን ካርቶን ከየሱቁ ይለምናል። ይህ ሰው ግን ኩሩ ነው፣ ከነእንቁላሉ ገዛው። መቼ ገዛው? የቅበላ ዕለት! ሁዳዴ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው! ስልሳ ካርቶን፣ በየካርቶኑ ሠላሳ እንቁላል። አስቢው እስቲ፣ ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል የማይነካ ጿሚ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ እንቁላል ጋር በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አይደል? የእሱ እንቁላል መሄዱን ትቶ ፎቅ ወጣ፣ አልጋ ላይ ተኛ፣ ቁምሳጥን ገባ።

ሚስቱ፣ አላውቃትም፣ ግን ጨዋ ናት ይሏታል፣ እንቁላሉን በዘንቢል ይዛ ደጅ ለደጅ ዞረች። ማን ይቀበላት? «ሁዳዴ ነው እኮ እህቴ!» ይሏታል። ጎረቤታቸው ረይሃና ባትደርስላቸው ኖሮ ሕንፃው ይገማ ነበር። እሷም ረመዳን ይዛለች፤ ስለዚህ ቀን ቀን ሸክሙ የወደቀው ልጆቿ ላይ ነው። እንቁላል ጥብስ፣ እንቁላል ቅቅል፣ እንቁላል በድንች፣ እንቁላል በቲማቲም… በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ መጥበሻ ሲያዩ ማልቀስ ጀመሩ አሉ። የድሮ ሰዎች «ዝምታ ወርቅ ነው» ይሉ ነበር። ይህ ሰው በእንቁላል ገዛው።

ከዚያ ፍራሹ መጣ። የሠርጋቸውን ፍራሽ አንሥቶ መስኮቱ ላይ አቆመው። ፍራሹ ቆመ፣ ሚስትየው ሳሎን ወንበር ላይ ተኛች። ምን ሆንሽ፣ ቆሎው አነቀሽ? ውሃ ልስጥሽ? አይዞሽ፣ እሷም ለምዳዋለች ይላሉ።

ከዚያ ደግሞ ጋቢ። መጣና ተስፋሁንን «አባባ፣ አምስት ጋቢ፣ ወፈር አድርገህ» አለው። ተስፋሁን ደስታው! ማንን ሊያለብስልኝ ነው ብሎ። «ለማን ነው?» ሲለው «ለግድግዳ» አለ። ባሌ መወርወሪያውን አቆመ። ቀና ብሎ ዓየውና «ግድግዳው በረደው እንዴ?» አለው። ይህን ብሎ ደግሞ ሠራለት! እያሳለ አምስት ጋቢ። ግድግዳ ጥለት የሚመርጥ ይመስል ለጥለቱ ሳይቀር ተጨነቀ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነበር ተረቱ። አሁን ተሻሻለ፤ ጋቢ ቢያብር አውራ ዶሮ ያስር። ደግሞስ «ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲባል ሰምቶ አይደል? ጆሮውን ብርድ እንዳይመታው ጠቀለለለት። ከዚህ በላይ አዛኝ ሰው ከየት ይመጣል?

ቤዛብሕ! ኧረ ቤዛብሕ፣ እንግዳ አለብኝ! ስልክህን ከአጥሩ ፈቀቅ ብለህ… አይ፣ ተወው። ዛሬስ ግድ የለም። ጩኽ ወንድሜ፣ እንደ ልብህ ጩኽ!

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ክፍሉ አለቀ። ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ይህን ሰው «አንተ» ማለት ድፍረት ነው፤ የድምፅ ኢንጂነር ሆነዋል፣ አንቱ እንበላቸው። ኢንጂነሩ በሩን ዘግተው መሐል ቆሙ አሉ። ኮሽታ የለም። ትንሽ ቆይቶ «ድም፣ ድም» የሚል ሰሙ። «ማነው?» ብለው ወጡ፤ ማንም የለም። ተመልሰው ገቡ፣ «ድም፣ ድም»። ወጡ። የረይሃናን በር አንኳኩተው «ልጆችሽ ግድግዳዬን ይመታሉ» ብለው ከሰሱ። ምስኪኖቹ ልጆች በእንቁላል ጠግበው የሚያነሡት እጅ እንኳ የላቸውም። ኋላ ቢጣራ የራሳቸው ልብ ነው። እኛም ኢንጂነሩ ልብ እንዳላቸው ያወቅነው ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው እንግዳ የቁስቋሙ ጋሽ ኃይለ ማርያም ናቸው፣ በገና ደርዳሪው። ጋሽ ኃይለ ማርያም ገቡ፣ በገናቸውን አቀፉ፣ መቱት። ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርም በገና ጥጥ ላይ እንደወደቀ መርፌ ሆነባቸው። ደግመው መቱ። «አቤቱ» ብለው ጀመሩ፤ ቃሉ ከከንፈራቸው አልፎ አልሄደም። በገናውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ እንባቸው ወረደ፣ ተነሥተው ወጡ። «ደነቆርኩ! በኃጢአቴ ጆሮዬን ወሰደው!» ብለው ቀጥ ብለው እንጦጦ፣ ጸበል። በሚኒባሱ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል እንኳ አልሰሙም ይባላል። ደነቆርኩ ብሎ የቆረጠ ሰው ምን ይሰማል?

ሰባት ቀን ሊጠመቁ ተሳሉ። ኢንጂነሩ ሄደው «ክፍሉ ነው እንጂ እርስዎ ደህና ነዎት» ይሏቸዋል ብለሽ ትጠብቂ ይሆናል። ምን ጊዜ አላቸው? «ክፍሉ ሠራ!» ብለው በደስታ ይዘላሉ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኃይለ ማርያም ከጸበሉ ሲወጡ ባሕር ዛፉ ላይ ወፍ ስትጮህ ሰሙ። እልል ተባለ! በጉባኤው መካከል ቆመው መሰከሩ። ይኸው ቀኑን ጠብቀው ዝክር ያወጣሉ። እኔም ሄጄ በላሁ፤ ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? ጤነኛ ሰው አደንቁሮ በጸበል የሚያስፈውስ ክፍል ደግሞ እንዴት ይናቃል?

አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለው። ከታች ያለው የሸጎሌ ከብት ገበያ በሬ ጋቢ አይፈራም። ግድግዳውን ሁሉ ሲያክሙ ወለሉን ረስተውታል። ስለዚህ ዘፋኙ ትንፋሹን ሰብስቦ ሲጀምር ከእግሩ ሥር «እምቧ…» ይመጣል። «ላም አለኝ በሰማይ» ይል ነበር ድሃ፤ የኢንጂነሩ ላም በምድር በኩል ናት።

እኔንም ከፋሲካ በኋላ ወሰዱኝ። አክብረው በኮንትራት ታክሲ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፉልኝ፤ ውስጡ «ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ» ይላል። «በዚህ እየሄድሽ ዝፈኚ» አሉኝ። ያ ቲክ ቲክ አያስለው፣ ክር አይበጠስበት፣ አይደክመው፣ ሻይ አያምረው… በእሱ ላይ ምን ብዬ ላንጎራጉር? እንደምንም አወረድኩ። የሚቀበለኝ የለም። ዞሬ ዓየሁ፤ አምስቱ የተስፋሁን ጋቢዎች ተሰቅለው ያፈጡብኛል። እጁ የነካቸው እነሱ እንኳ «ሆ» አላሉኝም። እዚህ ቤት ለግድግዳው ስትሰጪው ይሰጥሻል። ያ ክፍል ግን ይጎርሳል እንጂ አያጎርስም። «ተስፋሁን ይምጣልኝ» አልኩ። «የሸማ ዕቃው በበሩ አይገባም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ካርቶኑ በሩን አጥብቦታል።

በኅዳር ተስፋሁን አረፈ። ለቅሶ ደርሰሽኝ የለ? አርባው ዕለትም ነበርሽ። ጓዳ ወጥ ስታወጪ ስለነበር ያን ሰው አላየሽውም ይሆናል። ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ መጣ። አየሽ፣ እዚህ ስደርስ አንቱታው ይጠፋብኛል፣ ይቅር ይበሉኝ። «እትዬ፣ ስጦታ አለኝ» አለኝ። ያን የሐምሌውን ቅጂ በኮምፒውተር ሲያጸዳው ነው ለካ ክረምቱን የከረመው። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ከፈተው።

ወይ ጥራት! ዝናቡ የለም። ዶሮው የለም። ቤዛብሕ የለም፣ ተመስገን። የኔ ድምፅ ብቻ፣ ታጥቦ፣ ተወቅጦ፣ ነጥቶ። እኔ ግን የማዳምጠው ሌላ ነው። አወረድኩ፤ «ሆ» የሚልበት ጋ ደረሰ…

ምንም።

ደግሜ አወረድኩ። ምንም። የሳሉ ቦታ ደረሰ። ምንም። የመወርወሪያው ድምፅ እንኳ የለም። «ቀስ፣ ፀጋዬ» የሚለኝ ጋ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ባዶ ሆነና ወደሚቀጥለው ስንኝ ዘለለ። ሰው ሁሉ «እንዴት ጠራ! እንዴት ጠራ!» ይላል። እኔም «ጠራ» አልኩ። ባሌን በኅዳር በአፈር ቀበርነው፣ በአርባው ደግሞ ያለ አፈር። አንዲት ትቢያ ያልነካው፣ ንጹሕ ቀብር።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ «የፊተኛውስ? ያ ቆሻሻ ያለበት?» አልኩት። «አጥፍቼዋለሁ እትዬ፣ ቦታ ይዞብኝ ነበር» አለኝ። ቦታ ይዞበት! ተስፋሁን ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ቦታ ያ ነው፣ እዚያ ጥግ ያለው ጉድጓድ። አንድ ሰው እግሩን የሚከትበት። ስልሳ ካርቶን፣ አንድ ፍራሽና አምስት ጋቢ የሚሰቅልበት ግድግዳ ያለው ሰው፣ ለአንዲት ሳል ቦታ አጣ።

እዚህ ላይ አልቀልድም ሮሒ። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ድምፁ ናፍቆኛል። ፎቶውን ይኸው ግድግዳው ላይ ታይዋለሽ፤ ፎቶ «ሆ» አይልም። ሌላ ቅጂ የለኝም። ማግ ስደውር ሳላስበው አወርዳለሁ፣ ከዚያ እጄን አቁሜ እጠብቃለሁ። እንደ ሞኝ። ይኸው ሰባት ወር አለፈኝ፣ አሁንም እጠብቃለሁ።

በቃ፣ እንባሽን ጥረጊ። ለማያውቁት ሰው ደግሞ አይለቀስም። ቆሎሽን ብዪ።

ታሪኩ መቼ አለቀ! ይህ ሰው ያን የነጣ ዘፈን የቆየ ዜማ ለሚሰበስቡ ሰዎች አሰማ። ከውጭ የመጡ ናቸው አሉ። ሰሙ፣ ደግመው ሰሙ። «ይቺ ሴት የት ቆማ ነው የምትዘፍነው? ቤት የላትም ወይ?» አሉት። «የቤቱን ድምፅ አምጣልን፣ ያኔ እንወስደዋለን» አሉት። አልሸሹም ዞር አሉ! ያን ሁሉ የጠረገ ሰው አሁን ጥራጊውን ሊለቅም ወጣ። ዝናብ ከኢንተርኔት አወረደ፤ የፈረንጅ ዝናብ ቆርቆሮ የት ያውቃል? ሳር ላይ የሚዘንብ፣ ጨዋ ዝናብ ነው። የሸማ ምትም ፈለገ፤ ጠረጴዛ በማንኪያ እየመታ ሞከረ አሉ። ሚስቱ ሳሎን ሆና ስትሰማ ለምሳ የጠራት መስሏት ገባች።

በመጨረሻ ዶሮ አማረው። ትናንት ለቤዛብሕ ደውሎ «አውራ ዶሮህ አሁንም ሦስት ሰዓት ላይ ይጮኻል? ለነገ እንዳታርደው አደራ» አለው። ዶሮ በቀጠሮ ሲያዝ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዶሮው እኮ ለፋሲካ ታርዷል! ቤዛብሕ ይሉኝታ ይዞት ነው «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ያለው። የቤዛብሕ አፍ ደግሞ እንደምታውቂው ነው፣ ስልኩን ሳይዘጋ በአጥሩ ላይ ሁሉንም ነገረኝ። «ነገ አንድ ሴት ፀጋ ቤት ትመጣለች፣ ስልኳን ታስቀምጣለች፣ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ የቤቱን ባዶ ድምፅ ትቀዳለች» ብሎታል ያ ሰው። እኔ አንቺን አልጠረጠርኩም። አንቺማ ሙዝ ይዘሽ ነው የመጣሽ።

ሰዓቱ ስንት ሆነ? አይ፣ ስልኩን አታንሺው፣ ተይው… ሥራ ላይ ነው።

አትደንግጪ፣ አንቺን አልተቀየምኩም። የላከሽን ሰው… ማለቴ፣ ያንን ሰው ነው የማወራው። ይኸው አንድ ሰዓት ሙሉ እኔ አፌ አላረፈም፣ አንቺ ቆረጠምሽ፣ አጨበጨብሽ፣ ቤዛብሕም እግዜር ይስጠው የድርሻውን ጮኸ። ባዶ የምትባል አንዲት ደቂቃ አላገኘም። ግድ የለም፣ ያጽዳዋ! ልምዱ አለው። እኔን ያውጣ፣ ቆሎውን ያውጣ፣ ቤዛብሕን ያውጣ፣ ከዚያ የተረፈውን ይውሰድ።

ግን ምን ይደረጋል? የክርስትና ልጅ ለምኖ ባዶ እጁን አይመለስም። ተስፋሁን ቢኖር «ስጪው» ነበር የሚለኝ። ለግድግዳ ጋቢ የሠራ ሰው ምን ይከለክላል? በይ፣ ቆሎውን አስቀምጪ። አንድ ደቂቃ ዝም ልበልለት። ይቅዳ።

…

…

…

ሰማሽ? ዝናቡም ደግ ነው፣ አባራለት። ያ ጥግ ላይ የምታይው የተስፋሁን ዕቃ ነው። ድሩ ላይ ግማሽ ጋቢ አለ፤ እንደተወው ነው፣ አልቆረጥኩትም። ያለ እሱ ይህ ቤት ያለው ድምፅ ይህ ነው። ወስዶ ከዘፈኑ ሥር ያንጥፈው። አይድከም፣ ምንም የሚጸዳ የለበትም።

በይ ተነሽ፣ ዝናቡ ሳይመለስ። ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። ቆይ፣ ሳልመርቅሽ? እጄን ሆድሽ ላይ ላድርግ… እንዲህ። በሰላም ገላግሎ ያሳየኝ።

ለዚያ ለማታውቂው ሰውም ምርቃት አለኝ፣ ስልኩን አቅርቢልኝ። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ ሳል እስኪጀምረው ያቆየው። ወንድ ልጅ ይስጠው፤ ቁርጥ እሱን የመሰለ፣ እንደ እሱ የተማረ፣ እንደ እሱ ጠንቃቃ። ያ ልጅ አባቱን የሚወድ ይሁን። ድምፁ እንዳይጠፋበት ይቅዳው፤ ቀድቶም አባቱ እንዳስተማረው አድርጎ ያጽዳው… ጥርት አድርጎ።

አሜን በይ እንጂ ሮሒ። ጠጋ ብለሽ… ስልኩ እንዲሰማሽ።